ጅማ ለጎብኚ፦ ጅሬን፣ የጣሊያን ቤቶችና አልጋ፣ ሳይጋነን

ጅማን ልትጎበኙ ላሰባችሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ከተማዋ የሚታይ አላጣችም፣ ያጣችው የሚታየውን የሚያስረዳ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ነው ያደግኩት፣ የምኖረውም እዚሁ ነው፣ ስለዚህ ለሀገሬ አድልቼ ሙሉ ነጥብ ልሰጥ ይቃጣኛል፣ ግን ይሄን የምጽፈው "ቅዳሜና እሁድ ጅማ ብንመጣ ምን አለ?" እያላችሁ ለምትጠይቁኝ ስለሆነ ጥሩውንም መጥፎውንም እንዳለ ነው የማስቀምጠው። ከ5 3.5 ሰጥቻለሁ። ጅሬን፣ የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ፣ ብቻውን ቢሆን 4.5 ነበር፣ ወደታች የጎተተው አልጋውና የጦርነት ዘመኑ ቅርስ አያያዝ ነው።

ለመጻፍ የተነሳሁት በእንግዳ ምክንያት ነው። የአክስቴ ልጅ ከነባሏ መጥታ ነበር፣ የሚኖሩት ሆላንድ ነው፣ ሆላንድ ስላችሁ አምስተርዳም እንዳይመስላችሁ፣ ሰሜን ላይ ፍሪስላንድ የሚባል ገጠር የበዛበት ክፍለ ሀገር አለ፣ ዋና ከተማው ሊዋርደን ይባላል። ነገሩ ስሙ ለኛ ባዳ አይደለም፣ እዚህ ግቢው ውስጥ የወተት ላም ያሰረ ሁሉ "ፍሪዢያን እኮ ናት" እያለ ይኩራራ የለ፣ ያቺ ጥቁርና ነጭ ላም ዘሯ ከዛው ነው። ባልየው የዛው ሀገር ተወላጅ ነው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው ከደች የተለየ፣ እና ሰውየው የጦርነት ቦታ ማየት ነፍሱ ነው። ጅማ ሲመጣ ከቡናው ቀድሞ የጠየቀኝ "ጣሊያኖች የት ነበር የተቀመጡት?" ብሎ ነው። እኔም የጎረቤትን ቤት በእንግዳ ዓይን ማየት ጀመርኩ ማለት ነው።

በጅሬን ልጀምር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመሃል ከተማ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ዳገት ነው፣ በባጃጅ ኮንትራት ይኬዳል፣ ባጃጁ አቅም ከሌለው ግን ዳገቱ ላይ ያለቅሳል፣ ስለዚህ ብዙ ከሆናችሁ መኪና ያዙ። በጠዋት ሂዱ። ጠዋት ስትሄዱ ከላይ ሆናችሁ ከተማው ጉም ውስጥ ተኝቶ ታዩታላችሁ፣ ከሰዓት ከሆነ ደግሞ በተለይ በክረምት ዝናቡ ኮረብታው ላይ ነው የሚያገኛችሁ።

ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆቹ ከ1878 እስከ 1932 ነው የነገሡት (ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው። ምኒልክ ወደዚህ ሲመጡ አባ ጅፋር ከመዋጋት መገበርን መረጡ፣ በዛም ምክንያት ብዙው አካባቢ በጦርነት ሲታመስ ጅማ የራሷን ንጉሥ ይዛ፣ ንግዷን እየነገደች እስከ እሳቸው ዘመን መጨረሻ ቆየች። ይሄን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ቤቱ "ትልቅ የእንጨት ቤት" ብቻ ሆኖባችሁ ትመለሳላችሁ። አውቃችሁ ከሄዳችሁ ግን ያ ሰፊ ሰገነት፣ ያ የተቀረጸ እንጨት፣ ያ የችሎት አዳራሽ የገንዘብና የዲፕሎማሲ ቤት መሆኑ ይገባችኋል። በቡናና በንግድ ግብር የቆመ ቤት ነው እንጂ በዘመቻ ምርኮ የቆመ አይደለም (ባሪያ ንግዱም ነበረበት፣ ያንን መዝለል ደስ አይለኝም፣ የዛን ዘመን የጅማ ገበያ ስም ያወጣው በቡና ብቻ አልነበረም)። ቤቱ አሁን ታድሷል፣ ድሮ ትምህርት ቤት እያለን ሲወስዱን ከነበረው ጋር አይገናኝም። ያኔ ወለሉን ስትረግጡት "ውይ ልገባ ነው" ያሰኝ ነበር። እድሳቱ አንዳንድ ቦታ በጣም አዲስ አዲስ ይላል ለኔ ዓይን፣ እንጨቱ ሲቆይ ይደበዝዝ ይሆናል እንግዲህ፣ ብቻ ከመፍረስ ይሄ ይሻላል።

መስጊዱ ግቢው አጠገብ ነው፣ ሰላት ሰዓት ላይ ከደረሳችሁ ረጋ በሉ፣ ካሜራ ደቅናችሁ አትግቡ፣ ሴቶች ሻሽ ወይ ነጠላ ያዙ። የአክስቴ ልጅ ነጠላዋን ይዛ ነበርና በሩ ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በጣም ደስ አላቸው፣ "ቢስሚላህ፣ ግቡ ልጆቼ" ብለው ራሳቸው እየመሩ ወደ ንጉሡ መቃብር የሚወስደውን መንገድ አሳዩን፣ ከቤተ መንግሥቱ ብዙም አይርቅም። ለኔ የጅሬን ምርጡ ነገር እሳቸው ነበሩ። አባታቸው የነገሯቸውን ነው የሚነግሯችሁ፣ አማርኛቸው በኦሮምኛ የተቀመመ ነው፣ አንዱን ታሪክ ሳይጨርሱ ሌላው ይመጣባቸዋል፣ አትቸኩሉ። ገንዘብ አልጠየቁንም፣ የሻይ ብለን ስንሰጥ ግን አልገፉም። ልክ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው መከፈል አለበት።

አሁን ወደ ጦርነቱ። አንድ ታሪክ አለ ጅማ ውስጥ ብዙም ሲነገር የማትሰሙት፣ የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ የአባ ጆቢር። አያትየው ሲደክሙ ስልጣኑን የያዘው እሱ ነበር፣ ከአዲስ አበባ ጋር አልተስማማም፣ በ1932 ጦር ተላከበትና ታሰረ፣ ጅማም ራሷን ችላ መኖሯ በዛው አበቃ። ቀጥሎ ጣሊያን ገባ፣ ጣሊያን ፈታውና ሱልጣን ብሎ መልሶ ሾመው፣ ጣሊያን ሲወጣ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አሰሩት። እስቲ ይሄን በጀግናና በባንዳ ብቻ ከፋፍላችሁ ንገሩኝ! አይሆንም። ለጎብኚ ግን ከዚህ የበለጠ ታሪክ ከየት ይመጣል? ፍሪስላንዳዊው እዚህ ጋ ደብተሩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ፣ "እኛም ሀገር ከጀርመን ጋር የሰሩ ሰዎች ነበሩ፣ አያቶቻችን ስለነሱ አያወሩም ነበር፣ አሁን ግን ሙዚየም ውስጥ ስለተቃዋሚውም ስለተባባሪውም ዝም ብሎ ስላየውም ይነገራል" አለ። ሊዋርደን የተቃውሞ ትግሉ ሙዚየም አላቸው፣ የክፍለ ሀገሩ ትልቁ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው።

ጣሊያን ጅማን የያዘው አዲስ አበባ በገባበት በዛው በ1936 መጨረሻ አካባቢ ነው፣ በኛ 1929 መሆኑ ነው። ከዛ በፊት እዚህ ታች ያለው የሂርማታ ገበያ ነበር፣ ንጉሡ ከላይ ገበያው ከታች። ጣሊያኖች የደቡብ ምዕራቡ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓትና መንገድ ቀደዱ፣ ሰፈር ከሰፈር ለዩ፣ ፈረንጅ አራዳ የምንለው ስሙን ያገኘው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። እና ምን ያሳዝናል መሰላችሁ፣ ይሄ ሁሉ ቤት አሁንም ቆሟል፣ ሰው ይኖርበታል፣ ሱቅ ነው፣ ቢሮ ነው፣ ሻይ ቤት ነው፣ ግን አንዱም ላይ በ1930ዎቹ የተሰራ ነው፣ ይሄ ነበር፣ የሚል አንዲት ሳህን የምታክል ጽሑፍ አላየሁም። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ፣ መስኮቱ ከውጭ የሚዘጋ የእንጨት መዝጊያ ያለው ካያችሁ እሱ ነው። በቀትር ሙቀት ግቡና ሞክሩት፣ ከአዲሱ የመስታወት ህንፃ በብዙ ይቀዘቅዛል። ሰዎቹ ለወረራ ነው የመጡት፣ ቤት ማቀዝቀዝ ግን ይችሉ ነበር፣ ምን ይደረግ።

ፈረንጅ ይዛችሁ እዛ ሰፈር ስትዞሩ አንድ ነገር ተዘጋጁ፦ የወርቅ ወሬ። ባልየው የአንድ አሮጌ ቤት የብረት በር ፎቶ ሊያነሳ ቁጢጥ እንዳለ ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ካርታ ይዞ ነው አይደል?" አለኝ። ጣሊያን ሲወጣ ቀብሮት ሄደ የሚባለው ወርቅ ማለቱ ነው እንግዲህ። አንዲት እናት ደግሞ በረንዳቸው ላይ ቡና እያፈሉ ነበር፣ "ልጄ፣ ቤቱን ሊገዛ ነው እንዴ? ንገሪውማ፣ የቀበሌ ነው" አሉ ለአክስቴ ልጅ። ከዛ ሁላችንንም አስቀምጠው ቡና ጠጣን፣ እስከ ቶና ደረስን፣ እማማ ቤቱ ውስጥ በልጅነታቸው እንደገቡ፣ ወለሉ ያኔም ይሄው ወለል እንደነበር፣ ጓሮ የነበረው የውሃ ገንዳ መቼ እንደተደፈነ አጫወቱን። ይሄ ትኬት የሌለው ሙዚየም ነው፣ ግን እሳቸው ያወሩትን ማን ጻፈው? ማንም።

ጅማ ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 21 ቀን 1941። አዲስ አበባ ሚያዝያ ላይ ነፃ ከወጣች በኋላም የጣሊያን ጦር እዚህ በጄኔራል ጋዜራ ስር ሆኖ በዝናብ ተሸሽጎ ነበር የቆየው። ከአዲስ አበባ በመኪና የምትመጡ ሰዎች የጊቤን ገደል ስትወርዱ እንቅልፋችሁን ተዉትና ተመልከቱ፣ አበልቲ አካባቢ በጁን 1941 መጀመሪያ ኦሞን (ጊቤ ወደ ታች ሲወርድ ኦሞ ነው የሚባለው) ለመሻገር ትልቅ ውጊያ የተደረገበት ነው፣ የተዋጉት ደግሞ እንግሊዞች ብቻ አይደሉም፣ በእንግሊዝ ጦር ስር የነበሩ ናይጄሪያውያንና የምስራቅ አፍሪካ ወታደሮች ናቸው። የኛ አርበኞች ከሸዋ በኩል አሉ፣ ደጃዝማች ገረሱ ዱኪ ስማቸው ከዚህ ዘመቻ ጋር የሚነሳ ነው፣ ወሊሶ ላይ በስማቸው ትምህርት ቤት አለ፣ በዛ ስታልፉ ታዩታላችሁ። ጋዜራ ከጅማ ወደ ምዕራብ ሸሸ፣ ደምቢ ዶሎ ላይ በጁላይ መጀመሪያ እጁን የሰጠው ለማን ይመስላችኋል፣ ከኮንጎ ለመጣው የቤልጅየም ቅኝ ጦር። ወታደሮቹ ኮንጎዎች ናቸው። አስቡት፣ ናይጄሪያው ኬንያው ኮንጎው ከየሀገሩ መጥቶ ለኛ ጭቃ ውስጥ ሲዋጋ፣ እኛ ጊቤ ላይ ስንደርስ መኪና አቁመን በቆሎ እሸት እንገዛለን እንጂ የሚያስታውሳቸው አንድ ድንጋይ አልተከልንም።

ባልየው በዚህ አልስቅም አለ፣ ምክንያቱም ሊዋርደንን በኤፕሪል 15 1945 ነፃ ያወጧት ካናዳውያን ናቸው፣ እና እዛ ልጆች ሁሉ ያውቁታል አለ። ከዛ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ስለሀገሩ ሲያወራ ዋለ፣ እኔም ትንሽ ቀናሁ አልዋሽም። በ1932 የጨረሱት፣ አባ ጅፋር ባረፉበት ዓመት ማለት ነው፣ 32 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግድብ አላቸው ባህር ላይ፣ ጫፉ ላይ ኮርንቬርደርዛንድ የሚባል የኮንክሪት ምሽግ አለ። በሜይ 1940 ጀርመን ሆላንድን ሲያጥለቀልቅ እዛ የነበሩት ጥቂት ወታደሮች የጀርመንን ፈረሰኛ ክፍለ ጦር በግድቡ ላይ አላሳልፍም ብለው አቆሙት፣ ምሽጉ ሳይወድቅ ሀገሩ እጅ ሰጠ፣ ሮተርዳም ስለተደበደበች። አሁን ምሽጉ ሙዚየም ነው፣ ገብታችሁ የወታደሮቹን አልጋ፣ መትረየሱ የተቀመጠበትን ቀዳዳ ታያላችሁ። ደሴቶቻቸው ላይም ቴርስኼሊንግ የምትባለው ላይ ጀርመኖች የሰሩት የራዳር ጣቢያ ነበር፣ አሸዋ የበላውን ምሽግ በጎ ፈቃደኞች በአካፋ ቆፍረው ነው ለጎብኚ የከፈቱት። የጠላት ምሽግ ነው እኮ! የጠላት ሆኖም ይጠበቃል፣ ምክንያቱም የሆነውን ያሳያል።

እዚህ ላይ አጎቴ ጋር ተከራክረናል፣ ማታ ቤት እራት ላይ። አጎቴ "የፋሺስት ቤት ታፔላ ለጥፎ ማስጎብኘት ምን የሚሉት ነው፣ አፍርሶ የራስን መስራት ነው እንጂ" አለ። የአክስቴ ልጅ "አይ ጋሼ፣ ካፈረስነው እኮ እንዳልነበሩ ነው የሚሆነው፣ ልጆቻችን ምን ያያሉ?" አለችው። እኔ ከሷ ጋር ነኝ። ድንጋዩን ጠርቦ፣ ጭቃውን ረግጦ፣ መንገዱን ቆፍሮ የሰራው በአብዛኛው የዚሁ ሀገር ጉልበት ነው፣ ተገዶም ይሁን ለቀን ምንዳ። ታፔላው ያንን ይበል፣ ማን ሰራው፣ ማን ተገረፈበት፣ ማን ታሰረበት። "የጣሊያን አሪፍ ቤት" ተብሎ እንዲጻፍ አልፈልግም። አጎቴ አልተዋጠለትም፣ ወጡን ግን ጨረሰው።

ሙዚየሙን በአጭሩ፦ መሃል ከተማ ነው፣ የአባ ጅፋር ቤተሰብ ዕቃዎች አሉ፣ ዙፋን፣ የጦር መሳሪያ፣ የጅማ የእንጨት በርጩማዎች፣ ለመንገድ የሚይዟት መጸዳጃ ሳይቀር አለች፣ ልጆች በሷ ሲስቁ ይውላሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ትጨርሱታላችሁ። ከጅሬን በፊት ሳይሆን ከጅሬን በኋላ ግቡ፣ ቤቱን አይታችሁ ዕቃውን ስታዩ ነው የሚገጥመው።

አልጋ። እሺ፣ እዚህ ጋ ነው ሆዴ የሚጎሽው። ጅማ አልጋ ሞልቷል፣ ከፔንሲዮን ጀምሮ እስከ ሊፍት ያለው ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲው ስላለ ሆስፒታሉም ስላለ ሰው አይጠፋም። ግን አብዛኛው ሆቴል የተሰራው ለስብሰባ ነው፣ ለጎብኚ አይደለም። አዳራሽ አለ፣ ፕሮጀክተር አለ፣ የሻይ እረፍት አለ፣ ኩኪስና ለውዝ አለ፣ ስለ ከተማው አንድ ቃል የሚነግራችሁ ሰው ግን የለም። እንግዶቼ ያረፉበት ቤት ስሙን አልጠራም፣ አዲስ ነው ያምራል፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ትሁት ናት፣ "የከተማው ካርታ አላችሁ?" ስንላት "ለስብሰባ አይደለም እንዴ የመጣችሁት?" አለች። ለጉብኝት ነው ስንላት በጣም ገረማት። ምስኪን፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ ማንም አላሰለጠናትም። ሙቅ ውሃው ጠዋት ይመጣል ማታ አይመጣም፣ ጀነሬተሩ ደግሞ ልክ ከመስኮታቸው ስር ነበርና መብራት በጠፋ ቁጥር ክፍሉ ይንቀጠቀጣል። ለውጭ ዜጋ የተጠራው ዋጋ በዶላር ነው፣ ለሀበሻ ከሚጠራው ጋር አይገናኝም፣ ይሄ ብዙ ቦታ ያለ ነገር ነው አውቃለሁ፣ ግን ባልና ሚስት ፓስፖርታቸው ተለያይቶ ለአንድ አልጋ ሁለት ዋጋ ሲጠራ ያስቃል። በመጨረሻ በሀበሻ ዋጋ ተስማማን፣ አክስቴ መጥተው ስለተቆጡ።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ግቡና ቧንቧውን ክፈቱት፣ ጀነሬተሩ የት እንዳለ ጠይቁ፣ ከስር ወይ ፊት ለፊት የማታ ሙዚቃ ቤት ካለ የኋላውን ክፍል ውሰዱ፣ አልጋ አጎበር ይኑረው፣ ጅማ ወባ አለ። የምረቃ ሰሞን ከሆነ አትምጡ፣ አልጋ በሦስት እጥፍ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ለመኝታ ብቻ ከሆነ ያረጁት መለስተኛ ሆቴሎች ግቢያቸው ዛፍ ያለበት ወፍ የሚጮህበት ይሻላችኋል፣ ቁርሳቸውም እንቁላል በዳቦ ብቻ ሳይሆን ጨጨብሳ በማር ነው።

ሊዋርደን ላይ ግን እንዲህ ሆነ ብሎ ባልየው የነገረኝን ልንገራችሁ፣ ለሆቴል ባለቤቶች ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል። ብሎክሃውስፖርት የሚባል የድሮ እስር ቤት አለ። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች የተቃውሞ ሰዎችን እዛ ነበር የሚያስሩት፣ በዲሴምበር 8 1944 የተቃውሞ አባላት እስረኛና ፖሊስ መስለው ገቡና 51 እስረኛ ይዘው ወጡ፣ አንዲት ጥይት ሳትተኮስ። እስር ቤቱ እስከ 2007 ድረስ እስር ቤት ሆኖ ቀጠለ፣ ከዛ ተዘጋ። አሁን ውስጡ የከተማው ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ካፌ አለ፣ የእስረኛ ክፍሎቹ ደግሞ ርካሽ ማደሪያ ሆነዋል፣ ሰው ከፍሎ ያድራል፣ በሩ ያው የብረት በር ነው። እኔ እንደ ሀበሻ "እስር ቤት ከፍሎ ማደር ምን ይሉታል" ብዬ ሳቅኩ በመጀመሪያ፣ ግን ሳስበው ገንዘቡም ቤቱም ታሪኩም አንድ ላይ ነው የተጠበቀው። ጅማ ላይ ከነዛ ፈረንጅ አራዳ ካሉ በረንዳ ሰፋፊ ቤቶች አንዱን ይዞ፣ ስድስት ሰባት ክፍል ብቻ፣ ነዋሪውን ሳያፈናቅል ማለቴ ነው (እማማን አስወጥታችሁ ከሆነ እኔም አልመጣም)፣ ጠዋት ጀበና ቡና በረንዳው ላይ፣ ግድግዳው ላይ የቤቱ ታሪክ በኦሮምኛም በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ማታ ከሽማግሌ ጋር ጨዋታ። ሊፍት አያስፈልገውም። የስብሰባ አዳራሽም አያስፈልገውም። እኔ የከተማው ሰው ሆኜ እንኳን አንድ ሌሊት ከፍዬ አድርበት ነበር።

ገጠር ስለሆንን አልቻልንም የሚለው ነገር አይሰራም ደግሞ። እነሱም ገጠር ናቸው፣ ላምና ሳር ነው ሀገሩ። ፍራኔከር በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ ሱፍ አበጣሪ ሰውዬ፣ አይሲንጋ ይባላል፣ ሳሎኑ ጣሪያ ላይ የፕላኔቶችን አዟዟር የሚያሳይ የእንጨት ማሽን ሰርቶ በ1781 ጨረሰ፣ እስካሁን ይሰራል፣ በ2023 ዩኔስኮ መዘገበው። አንድ ሳሎን ነው እኮ! ለሱ ግን ስንት ቱሪስት ይመጣል። ውሃ የሚቀዳ የእንፋሎት ማሽን ቤት ደግሞ አላቸው ሌመር ላይ፣ የ1920፣ ይሄም በዩኔስኮ ነው። ታዲያ የአባ ጅፋር ቤት ምን ጎደለው? ሰውየው ራሱ ጅሬን ላይ ቆሞ "ይሄ እኛ ጋ ቢሆን ከሩቅ አውራ ጎዳና ጀምሮ ምልክት ይኖረው ነበር" አለኝ። ከከተማው ወደ ጅሬን ስትሄዱ የባጃጁ ልጅ ያውቀዋል እንጂ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ብዙ አያገኝም።

መብላት መጠጣት ላይ ጅማ አታሳፍርም። ማር እዚህ ነው፣ የጫካ ማር፣ ቢርዝ ጠይቁ፣ ያልፈላ ማርና ውሃ ነው፣ ለልጅም ለማይጠጣም ይሆናል። ክትፎ የጉራጌ ቤቶች ጋ ሂዱ። ቡናውን ካፌ ውስጥ በማሽን ከምትጠጡ መንገድ ዳር ጀበና ያለች ልጅ ጋ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ዋጋውም ጣዕሙም ይለያል፣ ጤና አዳም ጣል ካደረገችበት እንደ እድላችሁ ነው። ማር ስትገዙ ገበያ ውስጥ ለጠርሙሱ አትገረሙ፣ ቅመሱት፣ ስኳር ያለበት ምላስ ላይ ይታወቃል። ሐሙስ ትልቁ ገበያ ነው፣ የእንጨት በርጩማ የምትፈልጉ ያን ቀን ጠብቁ፣ ከአንድ ግንድ የተጠረበውን ምረጡ፣ የተገጣጠመው ደረቅ ሀገር ወስዳችሁት ይሰነጠቃል።

ቦዬን ጨምሩበት ጊዜ ካላችሁ፣ ወደ አዲስ አበባ መውጫው ላይ ያለው ረግረግ ነው፣ ለወፍ ወዳጆች፣ ማልዳችሁ ሂዱ ቦት ጫማ አድርጉ፣ ሌላ የምለው የለኝም። የግብርና ኮሌጁ ግቢም ደስ ይላል፣ በ1952 ነው የተመሠረተው፣ የአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እጁ ነበረበት፣ ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው። በር ላይ መታወቂያ ይጠይቃሉ።

መቼ ልምጣ ለምትሉ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት። ጥቅምት ኅዳር ቡና ሲለቀም ነው፣ ቀዩን ቡና ዛፉ ላይ ታያላችሁ። ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ ዝናቡ ቀልድ አይደለም፣ ፈረንጅ አራዳ በጭቃ ይሆናል ጅሬንም ያዳልጣል። በመኪና ከአዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ በወሊሶ በወልቂጤ፣ ማልዳችሁ ብትነሱ ለምሳ ትደርሳላችሁ፣ መንገዱን ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። በአውሮፕላንም ይመጣል፣ ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ነው። አንድ ቀን ትርፍ ካላችሁ ወደ አጋሮ ቀጥሉ፣ ጎማ ወረዳ ውስጥ ጮጬ የሚባለው ቡና የተገኘበት ነው የሚባለው ቦታ በዛ በኩል ነው፣ ከጅማ መናኸሪያ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ፣ የመጨረሻውን ግን አትጠብቁ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ እስኪሞላ ቁጭ ነው።